የኦዙ አስማተኛ፦ ወደ ግራጫው ቤት የሚመልስ መንገድ

በብዙ የልጆች ተረት ውስጥ ጀግናው ተአምር ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። «አስደናቂው የኦዝ አስማተኛ» ግን የተለየ ነው። ጀግናዋ ሳታስበው ተአምር መሀል ትወድቅና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ቤቷ መመለስ ትፈልጋለች። አሜሪካዊው ፍራንክ ባውም የጻፈው፣ ዊልያም ዴንስሎው በሥዕል ያስጌጠው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ቺካጎ ውስጥ ታተመ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ1939 በወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ ግሩም ቢሆንም የመጽሐፉን ዋና ነገር ለውጦታልና ትውውቃችንን ከመጽሐፉ እንጀምር።

ዶሮቲ ወላጆቿን ያጣች ልጅ ናት። ካንሳስ ውስጥ፣ ዛፍ በማይታይበት ሰፊ ሜዳ መሀል ከአክስቷ ከኤምና ከአጎቷ ከሄንሪ ጋር ትኖራለች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ጣውላው ከሩቅ በጋሪ ስለመጣ ከዚያ በላይ ማስፋት አልተቻለም። ባውም ይህን ቦታ ሲስል የተጠቀመው ቀለም ግራጫ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ ያከሰለችው እርሻ፣ የደረቀው ሣር፣ ቀለሙ የተላጠው ቤት ሁሉም ግራጫ ነው። ኤም ወደዚያ ስትመጣ ልጅ እግር ቆንጆ ሙሽራ ነበረች፤ የዓይኗን ብርሃንና የጉንጯን ቅላት ፀሐይና ነፋስ ወሰዱባት። ሄንሪ ደግሞ ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ዶሮቲን እንደነሱ ከመደብዘዝ ያተረፋት ቶቶ የሚባለው ጥቁር ውሻዋ ነው። ቤትን እንዲህ ሳይሸፋፍን የሚያሳይ የልጆች መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ይነሣል። ኤም ከወለሉ በታች ወዳለው መሸሸጊያ ጉድጓድ ስትወርድ ዶሮቲ አልጋ ሥር የተደበቀውን ቶቶን ለማውጣት ትዘገያለች፤ ነፋሱም ቤቱን ከነልጅቱ ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ኦዝ በሚባል ምድር፣ በምሥራቋ ክፉ ጠንቋይ ላይ ያርፋል። ጠንቋይዋ ስትሞት የብር ጫማዋ ለዶሮቲ ይሰጣል። አገሩ ለምለም ነው፤ ሕዝቡም ከባርነት ስላወጣችው ያከብራታል። እሷ ግን ወደ ካንሳስ የምትመለስበትን መንገድ ትጠይቃለች። ኦዝ ዙሪያውን በበረሃ የታጠረ ነው። መላውን የሚያውቀው በመረግድ ከተማ የሚኖረው ታላቁ አስማተኛ ነው ሲሏት በቢጫ ጡብ የተነጠፈውን መንገድ ይዛ ትነሣለች።

በጉዞዋ ሦስት ባልንጀሮች ታገኛለች። ገለባ የተሞላው የወፍ ማስፈራሪያ አእምሮ ይመኛል። የቆርቆሮው እንጨት ቆራጭ ልብ ይመኛል፤ ቀድሞ እንደማንኛውም ሰው ሥጋ ለባሽ ነበር፤ የተደገመበት መጥረቢያ አካሉን በየተራ ሲቆርጠው ቆርቆሮ ሠሪ እየተካለት ነው እንዲህ የሆነው። አንበሳው ደግሞ ድፍረት ይመኛል። ባውም እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ልጆች ቶሎ የሚነቁበት ነው። ገደል መንገዱን ሲዘጋባቸው ዛፍ ቆርጠን ድልድይ እናድርገው የሚለው አእምሮ የለኝም ባዩ ነው። ልብ የለኝም ባዩ ሳያይ ጥንዚዛ ረግጦ በመግደሉ ያለቅሳል፤ እንባው መንጋጋውን ያዝገውና አፉ አልከፈት ይላል። ፈሪ ነኝ ባዩ ደግሞ ሌሎቹን አንድ በአንድ በጀርባው አዝሎ ገደል ይዘላል። ደራሲው እዚያ ቆሞ ማብራሪያ አይሰጥም፤ አንባቢው ልጅ ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል።

ወደ መረግድ ከተማ የሚገባ ሁሉ አረንጓዴ መነጽር ይደረግለታል፤ መነጽሩም በቁልፍ ይቆለፋል። ከተማዋ ሁለመናዋ አረንጓዴ የምትመስለው በመነጽሩ ነው። አስማተኛውም ከዚያ አይሻልም። ለዶሮቲ ግዙፍ ጭንቅላት፣ ለማስፈራሪያው ቆንጆ ሴት፣ ለቆርቆሮው ሰው አስፈሪ አውሬ፣ ለአንበሳው የእሳት ኳስ ሆኖ ይታያል። የምዕራቧን ክፉ ጠንቋይ ካልገደላችሁ አልረዳችሁም ይላቸዋል። ግዳጁን ፈጽመው ሲመለሱ ቶቶ አንድ መከለያ ገልብጦ ይጥላል፤ ከኋላው ራሰ በራ ሽማግሌ ቆሟል። ኦማሃ የተወለደ፣ ለሰርከስ በባሉን ይወጣ የነበረ ተራ ሰው ነው። ዶሮቲን በባሉን ሊመልሳት ይነሣል፤ ቶቶ የድመት ግልገል ሲያሳድድ፣ እሷም ቶቶን ስትፈልግ ባሉኑ ጥሏት ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ ደቡብ ወርደው ግሊንዳ የምትባል ደግ ጠንቋይ ዘንድ ይደርሳሉ። ግሊንዳ የነገረቻት ነገር የሚገርም ነው፤ የብር ጫማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤቷ ሊያደርሳት ይችል ነበር፤ ተረከዟን ሦስት ጊዜ ማጋጨት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

እንግዲህ ልጅቱ ወደዚያ ግራጫ ሜዳ ለመመለስ ይህን ያህል የምትደክመው ለምንድን ነው? ማስፈራሪያውም ይህንኑ ይጠይቃታል፤ ይህን የመሰለ አገር ትተሽ ወደ ደረቅ ምድር መሄድ ምን ይሉታል ይላታል። እሷም ሥጋና ደም ያለው ሰው የትውልድ ቀዬው የቱንም ያህል ቢደርቅ እዚያው መኖር እንደሚመርጥ ትነግረዋለች። ለእኔ ከዚህ የሚልቀው ለግሊንዳ የሰጠችው መልስ ነው። አክስቷ ሞታለች ብላ ጥቁር ልትለብስ ነው፤ አዝመራው ካምናው ካልተሻለ ደግሞ አጎቷ ለሐዘን ልብስ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ልጅ ሆና የቤቱን ወጪ ታሰላለች። ወደ ቤቷ የሚጎትታት የሰዎቿ ጭንቀት ነው።

ባውም ድርቅና ኪሳራ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1888 ከኒው ዮርክ ግዛት ወደ ዳኮታ ሄዶ አበርዲን በምትባል ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ ተዘጋ። ከዚያ ጋዜጣ ያዘ፤ ጋዜጣውም አልቆመለትም። በ1891 ቤተሰቡን ይዞ ቺካጎ ገባና እየዞረ የሸክላ ዕቃ መሸጥ ጀመረ፤ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ለካንሳስ የሰጠው መልክ ዳኮታ ያየው ነው የሚሉ አጥኚዎች ብዙ ናቸው።

ከዳኮታው ዘመን የቀረ፣ ታልፎ ሊሄድ የማይገባው ክፉ ነገርም አለ። በ1890 መጨረሻ የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል ሲገደልና ቀጥሎም በዉንድድ ኒ ጭፍጨፋ ሲፈጸም፣ ባውም በጋዜጣው የተረፉት ነባር ሕዝቦች ጨርሰው እንዲጠፉ የሚጠይቅ ርእሰ አንቀጽ ጻፈ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ስለ አንዲት ልጅ የቤት ናፍቆት እንዲያ አድርጎ የጻፈ እጅ፣ አገራቸው የተወሰደባቸውን ሰዎች ሞት ጠይቋል። ዘሮቹ በ2006 ይቅርታ ጠይቀዋል። መጽሐፉን የምንወድ ሰዎች ይህንንም ማወቅ አለብን።

ወደ ፊልሙ ስንመጣ ባለቀለም ፊልም ገና ብርቅ ነበረና የፊልሙ ኩባንያ ኤምጂኤም የብሩን ጫማ ቀይ አደረገው፤ በስክሪን ላይ ቀይ ይደምቃል ተብሎ ነው። ዶሮቲን የተጫወተችው ጁዲ ጋርላንድ ናት። ትልቁ ለውጥ ግን መጨረሻው ነው። በፊልሙ ዶሮቲ አልጋዋ ላይ ትነቃለች፤ ያየችው ሁሉ ሕልም ነበር። በመጽሐፉ ግን ኦዝ እውነተኛ አገር ነው። ዶሮቲ ስትመለስ ቤቱን ነፋስ ስለወሰደው አጎቷ አዲስ ሠርቷል፤ አክስቷ ጎመን ውሃ ልታጠጣ ስትወጣ ታያታለች። የብር ጫማውም በረሃው ላይ ወድቆ ቀርቷል። ሕልም ነበር ማለት የልጅቱን ምርጫ ያቀለዋል። አማራጭ የነበራት ልጅ ናት ካንሳስን የመረጠችው።

ባውም ራሱ ጉዳዩን በዚያ አልዘጋውም። ስለ ኦዝ 14 መጻሕፍት ጽፏል። በ1910 በወጣው በስድስተኛው ሄንሪ ለአዲሱ ቤት የተበደረውን ገንዘብ መክፈል አቅቶት እርሻውን ባንክ ሊወስድበት ነው። በዚህ ጊዜ ዶሮቲ ኦዝ ትገባለች፤ አክስቷንና አጎቷንም ታስመጣለች፤ ሦስቱም እዚያው ይቀራሉ። ካንሳስን ለዘላለም ስትተው ሰዎቿ አብረዋት ናቸው።

ባውም በ1919 አረፈ። የመጀመሪያው መጽሐፍ 24 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ በየማታው አንድ ምዕራፍ ለልጅ ማንበብ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ በ1956 ስላበቃ እንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ልጆች ያላችሁ ፊልሙን ከማሳየታችሁ በፊት መጽሐፉን አንብቡላቸው። የመተርጎም ችሎታው ያላችሁ ደግሞ ለልጆች በሚጥም አማርኛ፣ የብሩን ጫማ ብር እንደሆነ ትታችሁ ሥሩት።