ያውቁ ኖሯል? ከአኩሪ አተር ፋጉሎ የሚገኝ የዓሣ መኖ

ጆሃንስበርግ ከባሕር የራቀች፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ለዓሣ እርባታ የሚሆን ሀብት ግን ጎረቤቷ አለ፤ ምፑማላንጋና ፍሪ ስቴት የተባሉት ግዛቶች የደቡብ አፍሪካ ዋነኛ አኩሪ አተር አምራቾች ናቸው።

ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ከ40 በመቶ በላይ ፕሮቲን ስላለው፣ ከትናንሽ የባሕር ዓሦች የሚፈጨውን ውድ ዱቄት በአብዛኛው ይተካል። በተለይ ቆሮሶ ለተባለው ዓሣ! አንጀቱ ከሰውነቱ ብዙ እጥፍ ስለሚረዝም ተክል መፍጨት ይችልበታል።

ጥሬው ፋጉሎ ግን አይሰጥም። የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው በሙቀት መብሰል አለበት። ፎስፈረሱም በአብዛኛው ፋይቴት በተባለ ውህድ ስለሚያዝ ሳይፈጭ ወደ ውሃው ይወጣና አልጌ ያባዛል፤ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲጨመር ግን ዓሣው ይጠቀምበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥም ተመራማሪዎች የኑግ ፋጉሎን ለቆሮሶ መኖነት ሞክረዋል።