ለሠዓሊዎችና ለማተሚያ ቤቶች የሚዘጋጅ የዕቃ ፎቶግራፍ፤ በተለይ ስለ ሚዛን ተፈሪና ስለ ቴፒ ቡና

ጌሻ የሚባለው የቡና ዘር በ1930ዎቹ ዓመታት እ. ኤ. አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ፣ ከዚያም በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ በኋላም ወደ ፓናማ እንደ ተሻገረ በቡና ንግድ የኖሩ ሰዎች የሚያውቁት ታሪክ ነው። በ2004 በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር አንደኛ ከወጣ ወዲህ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሎ ስሙ በዓለም ገበያ ገኗል። ይሁን እንጂ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጌይሻ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ቡና ቆይዎች ለከረጢታቸው ሥዕል ባዘዙ ጊዜ ኪሞኖ የለበሰች የጃፓን ሴት ተሥላ ቀርባለች። በዚህ ሠዓሊው ብዙ የሚወቀስ አይደለም። ከፊቱ የነበረው ቃል ብቻ ነው፤ ዘሩ ከበቀለበት አገር የመጣ ሥዕል ግን በእጁ አልነበረም።

ለእንዲህ ያለው ችግር መድኃኒት የሚሆን አንድ የሥራ ዘርፍ አለ፤ ይኸውም ሌሎች ሠዓሊዎች፣ የመለያ ወረቀት ነዳፊዎችና ማተሚያ ቤቶች በፈለጉ ጊዜ እየገዙ የሚሠሩበትን ፎቶግራፍ አስቀድሞ በፎቶ ቤት ውስጥ አሰናድቶ ማንሣትና እንደ ሸቀጥ በመደብር ማኖር ነው። በዚህ ሥራ ፎቶግራፉ ራሱ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ሌላው ባለሙያ የሚቆርጠውና የሚሰፋው ጣቃ ነው ቢባል ይቀላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፓሪስ ከተማ ኡዤን አትዤ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ1890ዎቹ ሥራውን ሲጀምር ለሠዓሊዎች መነሻ የሚሆን ፎቶግራፍ እንደሚሸጥ አስታውቆ፣ የዛፍ፣ የበርና የጋሪ ሥዕል እያነሣ ለሠዓሊዎች ያቀርብ ነበር። በአሜሪካ አርምስትሮንግ ሮበርትስ በ1920 ይህንኑ በድርጅት መልክ አቋቋመ። ዝነኛው የመጽሔት ሥዕል ሠሪ ኖርማን ሮክዌልም ሰዎቹን አቁሞ፣ ልብሱንና ዕቃውን አሰናድቶ በፎቶግራፍ አንሺ ካስነሣ በኋላ ፎቶግራፉን እያየ ይሥል ነበር። በአገራችንም የፎቶ ቤት ሙያ ዕድሜው አጭር አይደለም፤ በድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ሙያውንም ለልጆቹ አውርሷል። ፎቶ ቤት የለመደው ግን የሰውን መልክ ማንሣት ነው። ቡናን፣ ኮረሪማንና ማርን እንደ እንግዳ አስቀምጦ ማንሣት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ነገር ሞልቷል። ከ9,000 ሄክታር በላይ ይዞታ ያለው የበበቃ የቡና እርሻና የቴፒ የቡና እርሻ እዚያው ናቸው፤ ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማእከልም አለበት፤ የሸካ ጫካ ደግሞ በ2012 እ. ኤ. አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ካሜራና ቡና በዚያ አገር ከዚህ ቀደምም ተገናኝተዋል። በ2011 እ. ኤ. አ. የጌሻ ቪሌጅን የቡና እርሻ የመሠረቱት አዳም ኦቨርተንና ራሔል ሳሙኤል አስቀድሞ የፊልምና የፎቶግራፍ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ እርሻውም የመጡት ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም በመሥራት ነው።

ስለ ብርሃን የሚነገረውን በጥቂቱ መመርመር ያስፈልጋል። ከአውሮፓ የመጡ የፎቶግራፍ መጻሕፍት «የፎቶ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» ይላሉ፤ ምክንያቱም በእነርሱ አገር ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን የለሰለሰና የማይለዋወጥ ነው። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ደመና ያልሸፈነውን ፀሐይ በቀጥታ ያስገባል። መጽሐፉን አምኖ ቤቱን በአንድ መስኮት ብቻ የሠራ ሰው የዓመቱን እኩሌታ ይቸገራል ማለት ነው። በሰሜንም በደቡብም መስኮት ያለው ክፍል መርጦ፣ እንደ ወራቱ አንዱን መዝጋትና በሌላው መሥራት ይሻላል። ፀሐይ ከበረታም ነጭ አቡጀዲ በመስኮቱ ላይ መወጠር ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ከዕቃው በስተጥላ በኩል ነጭ ካርቶን ቢቆም ጥላው ይሳሳል፤ ካርቶኑ እየቀረበና እየራቀ ሲሄድ የጥላው ጥቁረት እንዴት እንደሚለዋወጥ በዓይን ይታያል።

በዚያ አገር ሌላም ወጥመድ አለ። ቤቱ በሙዝና በእንሰት የተከበበ ከሆነ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከቅጠሉ ነጥሮ ስለሚመጣ ጥቂት አረንጓዴነት ይኖረዋል። የሰው ዓይን ይህን ቶሎ ስለሚለምደው አይታወቀውም፤ ካሜራው ግን ይመዘግበዋል። ነጩ ሲኒ ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ንጹሕ ነጭ ወረቀት በዕቃው ቦታ አስቀምጦ ማንሣትና ካሜራውን በዚያ ልክ ማስተካከል ግዴታ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለላኪው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ከቴፒና ከበበቃ የታጠበም ያልታጠበም ቡና ይወጣል። በደንብ የታጠበ አዲስ ጥሬ ቡና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ መልክ አለው፤ ቡና በመጋዘን ሲቆይ ግን መልኩ እየነጣ ወይም እየቢጫ ይሄዳል። አሁን ይህን አዲስ ቡና በተራ ቢጫ አምፖል ሥር ያነሣ ሰው ምን አደረገ ቢባል፣ የዘንድሮውን ቡና ያምና አስመሰለው። ገዢው ናሙናው እስኪደርሰው ድረስ የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነውና በልቡ ዋጋ መቀነስ ይጀምራል። ተገላቢጦሹም መጥፎ ነው፤ አሮጌውን በብርሃን አሳምሮ አዲስ ያስመሰለ ነጋዴ ናሙናው ሲደርስ ይጋለጣል።

እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከተለቀመ ብዙ ሳይቆይ ወዙ ይጠፋል፤ ሲያድርም ቀይ ቆዳው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቅርንጫፉም ከተቆረጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ስለሆነም ጠረጴዛው፣ መደቡና ብርሃኑ ሁሉ በዋዜማው መሰናዳት አለበት፤ ቡናው በማለዳ ተለቅሞ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ቅርንጫፉም በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይቆማል። አንዳንድ አንሺዎች ጠል ለማስመሰል ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ቀላቅለው ይረጫሉ። ዝናብ በማይጠፋበት በሸካና በቤንች አገር ለዚህ ብልሃት ገንዘብ ማውጣት ያስቃል። ሠዓሊ የሚጠቀምበት ሥዕል ሙሉ እንዲሆንም እሸቱ፣ ጀንፈሉ፣ ጥሬው ቡናና የተቆላው በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ርቀትና በአንድ መደብ ላይ ተከታትለው ቢነሡ ነዳፊው ሳይቸገር አንዱን ከሌላው ጋር ሊያገጣጥም ይችላል።

በቅመማ ቅመም በኩል የሚደርሰው ስሕተት ይብሳል። ኮረሪማ የራሱ ትልቅ ፍሬ ያለው፣ እሸቱ ቀይ፣ ሲደርቅ ቡናማ የሆነ የአገራችን ተክል ነው። ሄል የሚባለው የሕንዱ ቅመም ደግሞ ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ሁለቱም በውጭ ቋንቋ በአንድ ዓይነት ስም ስለሚጠሩ፣ ከውጭ የሥዕል መደብር የሚገዛ ነዳፊ ለኮረሪማ ዕቃ የሄል ሥዕል ያወጣል። ገዢው አረንጓዴ ፍሬ ጠብቆ ቡናማውን ባገኘ ጊዜ የሚነሣውን ክርክር ባለሱቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ጥምዝና ቁንዶ በርበሬም እንዲሁ በየመልካቸው መነሣት አለባቸው፤ ከአጠገባቸውም መጠናቸውን የሚያሳይ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ተቀምጦ አንድ ተጨማሪ ሥዕል ቢነሣ ለነዳፊው ትልቅ ርዳታ ነው። ማር ሲነሣ ብርሃኑ ከኋላ ይምጣ፤ ከብርጭቆው ጀርባ ነጭ ወረቀት ቢቆም ጥራቱ ይታያል፤ ከፊት ብቻ ከበራበት ግን ጭቃ ይመስላል።

ለሠዓሊ የሚነሣ ሥዕል ለማስታወሻ ከሚነሣው የሚለይበት ዋናው ነገር ባዶ ቦታ ነው። አንሺው ዓይን የሚሞላ ሥዕል ለማውጣት ጀበናውን ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋዋል፤ ነዳፊው ደግሞ የዕቃውን ስም፣ ክብደቱንና አድራሻውን የሚጽፍበት ስፍራ ያጣል። ስለዚህ ዕቃው አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜም በታች ተደርጎ፣ የቀረው መደብ ባዶ ሆኖ መነሣት አለበት። ቆርጦ ለሚያወጣ ሠራተኛ የዕቃው ዳር ከመደቡ በግልጥ እንዲለይ ያስፈልጋል፤ ጥቁር ጀበና በጥቁር ጨርቅ ላይ ለዓይን ቢያምርም ለእርሱ አይጠቅመውም። ካሜራው እጅግ ከቀረበ የጀበናው ሆድ ይነፋል፣ አንገቱም ይቀጥናል፤ ሠዓሊውም ያንኑ ገልብጦ ይሥላል። ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ርቆ፣ ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አጽንቶ፣ በሚያቀርብ ሌንስ ማንሣት ይህን ያስቀራል። ሕትመትን በሚመለከት፣ ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚጠየቅ፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መለያ 2,400 ያህል ነጥብ ያለው ሥዕል ይበቃል። በስልክ መልእክት ተልኮ የተጨመቀ ሥዕል ግን ለዚህ አይበቃም፤ ዋናው ፋይል ሳይጨመቅ መቀመጥ አለበት።

ሰው በሥዕሉ ሲገባ ነገሩ ወደ ሕግ ይሻገራል። አስቀድሞ ግን አንድ የመልክ ነገር አለ። ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቡና ስትለቅም የሚያሳይ ሥዕል በየከረጢቱ ይታያል። በቴፒም ሆነ በበበቃ ለዓመት በዓል የተቀመጠ ነጭ ልብስ ለብሶ እርጥብ ጫካ የሚገባ ለቃሚ የለም፤ አገሩን የሚያውቅ ገዢም ሥዕሉ በልብስ ተከራይ እንደ ተሠራ ወዲያው ይረዳዋል። የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ብትነሣ ይበልጣል። እጅ ብቻ ሲነሣ፣ ማለትም ሰፌድ የያዘ ወይም ጀበና የሚቀዳ እጅ ሲሆን፣ ለሠዓሊ ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማል፤ እጅን ከልብ መሣል ከባድ ነውና።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይሰቀል፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ለሕዝብ ጥቅም፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ነገር ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ይዘረዝራል፤ የቡና ከረጢት ግን ከእነዚህ መካከል ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ሥዕሉ ከመነሣቱ በፊት ተነሺው በሚያውቀው ቋንቋ ጉዳዩ ተነግሮት፣ ሥዕሉ ለምን እንደሚውልና ምን ያህል እንደሚከፈለው ተጽፎ መፈረም አለበት። የቤንች ወይም የሸኮ ተናጋሪ ለሆነ ገበሬ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት አስፈርሞ መሄድ ስምምነት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አስተርጓሚውም በወረቀቱ ላይ ስሙን ቢያሰፍር መልካም ነው። በከረጢቱ ላይ የራሷን ፊት ከዓመታት በኋላ ያየች ለቃሚ ገበያውን ለማሳገድና ካሣ ለመጠየቅ መብት አላት፤ ያን ጊዜ የታተመው ከረጢት ሁሉ ለላኪው ኪሳራ ይሆናል።

የአንሺው መብት በ1996 ዓ. ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይጠበቃል፤ ለፎቶግራፍ የተሰጠው ዘመን ሥዕሉ ከተሠራበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ሥዕሉ የአንሺውን ስምና አድራሻ እንዲይዝ ማድረግም በሕጉ ፊት ይጠቅመዋል። ነጋዴ አዝዞ ያስነሣው ሲሆን፣ ሌላ ውል ከሌለ የጥቅሙ መብት የአዛዡ ነው። ከመደብር የተገዛ ሥዕል ግን ከዚህ ይለያል፤ ገዢው የሚገዛው በውሉ የተጻፈውን አጠቃቀም ብቻ ነው። አንድ ላኪ ርካሹን ገዝቶ በ60 ኪሎ ጆንያው ላይ ካሳተመ በኋላ፣ ያንኑ ሥዕል በጎረቤቱ ጆንያ ላይ ቢያገኘው የሚከሰው ሰው አይኖርም። ብቻውን ሊጠቀምበት የፈለገ ላኪ ይህንኑ፣ ለስንት ዓመትና ለየትኛው አገር ገበያ እንደሆነ አጽፎ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ይክፈል።

በመደብር ያለ ሥዕል ሁሉ ከመዝገብ ጋር መኖር ይገባዋል፤ የዕቃው ስም፣ የተገኘበት ቀበሌ፣ የተነሣበት ወርና ዓመት፣ ቡና ከሆነም የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፣ የፈቃዱም ወረቀት ቁጥር ይጻፍ። መዝገብ የሌለው ሥዕል ከሦስት ዓመት በኋላ የጅማ ይሁን የቴፒ የሚለይ አይገኝም። ፋይሉም በሁለት ቦታ፣ ቢቻል አንዱ በሌላ ከተማ ይቀመጥ። በመጨረሻም የቴፒ ሙቀትና እርጥበት በሌንስ ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ ካሜራው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተዘግቶ መክረም የለበትም፤ በሚገጥም የላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ኪኒን ጋር ይቀመጥ፤ ኪኒኑም በየጊዜው እየደረቀ ወይም እየተለወጠ በሥራ ላይ ይዋል።