መሠረቱን ማስተካከል

ግንበኛ ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ መሬቱን ይደለድላል፤ በውኃ ልክም ያስተካክላል። የመጀመሪያው ረድፍ ከተዛባ ከላዩ የሚደረደረው ሁሉ ይዛባልና። ይህ ጥንቃቄ በዓይን በማይታዩ አቶሞች ሥራም ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ቀጥሎ ተመልከቱ።

ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ እንቅፋት ስለሚገጥመው ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ1911 እ.ኤ.አ. ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ፣ ባዜቃ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀዘቅዝ ይህ እንቅፋት ፈጽሞ እንደሚጠፋ ደረሰበት። ይህን ጠባይ የሚያሳዩ ነገሮች ሱፐርኮንዳክተር ይባላሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክሲጂን የተሠራ ውሁድ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ያንኑ ጠባይ አሳየ። ስለዚህ እርሱን ለማቀዝቀዝ ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን በቂ ሆነ።

ከዚህ ውሁድ ስስ ልባጥ የተሠሩ መሣሪያዎች እጅግ ደካማ የሆነውን የማግኔት ኃይል እንኳ ይለያሉ። ይሁን እንጂ ልባጡ ብቻውን አይቆምም፤ ስትሮንሺየም ታይታኔትን በመሰለ ክሪስታል ላይ ይነጠፋል። አቶሞቹም የሚሰለፉት የክሪስታሉን አሰላለፍ ተከትለው ነው። ገጹ ካልተስተካከለ የልባጡ ቅንጣቶች ወደተለያየ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በሚጋጠሙበት ድንበር ላይም ሊያልፍ የሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት በብርቱ ይቀንሳል።

ታዲያ ገጹ እንዴት ይስተካከላል? ክሪስታሉ የስትሮንሺየም ኦክሳይድና የታይታኒየም ኦክሳይድ ድርብርብ ስለሆነ፣ ተቆርጦ ሲወለወል ሁለቱ በገጹ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ስትሮንሺየም ኦክሳይዱን ለይተው አጠቡት። በ1998 እ.ኤ.አ. በሆላንድ የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴውን አሻሻሉት፤ ክሪስታሉን አስቀድመው በንጹሕ ውኃ ነከሩት። ውኃው ስትሮንሺየም ኦክሳይዱን በቀላሉ ወደሚሟሟ ውሁድ ስለሚለውጠው፣ በአሲዱ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል መቆየቱ በቂ ሆነ። በመጨረሻም ኦክሲጂን ባለበት በ950 ዲግሪ ገደማ አጋሉት። ያን ጊዜ ገጹ የተስተካከለ የእርከን መሬት መሰለ። የአንዱ እርከን ከፍታ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት ሚሊዮን ተኩል ቢከፈል ከሚገኘው አንድ ክፍል አይበልጥም።

ይህ አሲድ ብርጭቆን ይበላል፤ ሥጋን ዘልቆም አጥንትን ይጎዳል። ስለሆነም በፕላስቲክ ዕቃ ተይዞ በብርቱ ጥንቃቄ ይሠራበታል። በአሲዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ግን ለክሪስታሉ ነው፤ ብዙ ከቆየ መቅረት የሚገባው ገጽ ጭምር ይቦረቦራል።

እናንተም የአንድን ሥራ ሂደት የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ፣ ቅደም ተከተሉን ከነምክንያቱ ግለጹ። ውኃው አሲዱን ለምን እንደቀደመ ካልተነገረው፣ አንባቢው ትእዛዝ ተቀበለ እንጂ ዕውቀት አላገኘም።