ፒችትሪና የቡና ወቅት

የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ «ፒችትሪ የሚችል» የምትለዋ መስፈርት ብዙ ጊዜ አትቀርም። አዲስ አበባም ይሁን ሚዛን ተፈሪ፣ ፒችትሪ ማለት በኮምፒውተር ሂሳብ መሥራት ማለት ሆኗል። ስሙ ግን ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። አትላንታ ላይ የተወለደውን ፒችትሪን የእንግሊዙ ሴጅ ከገዛው በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. «ሴጅ 50» ብሎ ሰየመው። እኛ ጋ የ2010ሩ ቅጂ ዛሬም ይሠራል።

ለአምራቾቹ ራስ ምታቱ ይኸው ነው። ዴቢትና ክሬዲት በየዓመቱ አይለወጡም፤ ፕሮግራም አንዴ የገዛ ሰው እስካልተበላሸበት ድረስ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ቤት ሠርቶ መሸጡን ትተው ማከራየቱን ያዙ። የኩዊክቡክስ ባለቤት ኢንቱዊት መዝገቡን ራሱ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኩባንያው ሰርቨር ወሰደው፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮም አብዛኞቹን የዴስክቶፕ ምርቶች አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ አቁሟል። ሴጅ 50 መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይቆያል፣ ፈቃዱ ግን በክፍያ ይታደሳል። በሁለቱም መንገድ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው ቅጂ በር ይዘጋበታል።

አሁን ሚዛን ወይም ቴፒ ያለ አንድ ቡና አቅራቢ ቢሮ እንግባ። ሂሳብ ሠራተኛዋ ፊት ያለው አሮጌ ፒችትሪ የፈረንጅ ቀን ነው የሚያውቀው። እሷ ግን የሂሳብ ወቅቱን ከጁላይ 8 አስጀምራ ሐምሌ 1 አድርጋዋለች፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አዳብላለች። ገበያው በፈረሱላ ሲያወራ፣ 17 ኪሎውን እያባዛች ታስገባለች። ይህ ሁሉ መላ የትም አልተጻፈም፤ ከአንዱ ሂሳብ ሠራተኛ ወደ ሌላው በአፍ የተላለፈ ነው። ፕሮግራም መቀየር ይህን መላ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ብር በየቀኑ ይወጣል፤ የሚመለሰው ቡናው ደርቆ ወይም ታጥቦ ሲሸጥ ነው። ክረምት ላይ የሚመዘገብ ነገር እምብዛም የለም፤ የወር ኪራይ ግን ክረምት አያውቅም። ኪራዩ በዶላር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋው ባይነካም ኪራዩ በብር እጥፍ ሊሆን ነው። መብራትና ኔትወርክ የጠፉ ቀን ደግሞ የእሸት ሻጩ ሰልፍ አይጠብቅም።

ይህ ማለት ክላውድ ለደቡብ ምዕራብ አይሆንም ማለት አይደለም። ቫይረስ የበላው ፍላሽ የዓመቱን ሂሳብ ይዞ ሲጠፋ ያየ ሰው፣ መዝገቡ ሌላ ቦታም ቢቀመጥ ይመኛል። ከጫካው ዳር ዳር ከተበተኑ መሠረታዊ ማኅበራት ደረሰኝ የሚሰበስብ የገበሬዎች ዩኒየን፣ ወይም እንደ በበቃ ያለ ሰፊ የቡና እርሻ ያለውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት፣ የዛሬውን ግዢ ዛሬ ማየት ኪራዩን ያካክስለታል። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ላለው አቅራቢ ግን ጥቅሙ ከወጪው ጋር ገና አልተመዛዘነም።

ልዩነቱ ያለው በውሉ ላይ ነው። ኪራዩ በብር ይከፈላል? ቡናው ከተሸጠ በኋላ፣ በዓመት አንዴ መክፈል ይቻላል? ኔትወርክ ሲጠፋ መዝግቦ፣ ሲመጣ ይልካል? ክፍያው የቆመ ቀን አሮጌው መዝገብ ይከፈታል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዱን ለዓመታት እንዲያቆይ ያስገድደዋል፤ መርማሪው ሲመጣ «አከራዬ ዘጋብኝ» የሚባል መልስ የለም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ለመስጠት ከአትላንታ ወይም ከእንግሊዝ ይልቅ የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ሠሪ ይቀርባል። ጳጉሜንና ፈረሱላን ማስተማር አያስፈልገውማ።