በጉበት ውስጥ የሚወሰነው መጠን፦ ኮዴይንና ኢትዮጵያውያን

ኮዴይንና ፓራሲታሞል በአንድ ኪኒን ተዋሕደው የሚሰጡት፣ ሁለቱ ሕመምን በተለያየ መንገድ ስለሚቀንሱና አንዱ ብቻውን ያላስታገሰውን የስብራት፣ የጥርስ ወይም የቀዶ ሕክምና ሕመም በጋራ ሊያበርዱ ስለሚችሉ ነው። ኮዴይን ኦፒዮይድ ከሚባለው፣ ከኦፒየም ከተገኘው ወይም በእርሱ አምሳል ከተሠራው የመድኃኒት ወገን ይመደባል፤ ይሁን እንጂ የራሱ ኃይል ደካማ በመሆኑ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው፣ በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም መድኃኒትን የሚለውጥ የሰውነት ንጥረ ነገር፣ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው።

ይህ ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ኢትዮጵያውያንን በተለየ ሁኔታ የሚመለከተውም ይኸው ነው። የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ ኢንዛይሙን የሚያመርተው ጂን ተደጋግሞ የተገኘባቸው ሲሆን፣ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ጂኑ የተደጋገመበት ሰው ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ለሌላው ሰው መጠነኛ የሆነው መድኃኒት ለእርሱ ከመጠን በላይ ሊሆንበት ይችላል። የእነዚሁ ተመራማሪዎች የኋላ ሥራ ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ የኢንዛይማቸው ፍጥነት እንደሚለያይ ስላሳየ፣ አኗኗርና አካባቢም ድርሻ አላቸው። ጂኑ የተደጋገመባቸው ሰዎች ይህን ያህል የበዙበት ሕዝብ ስለ መድኃኒቱ ሳይነገረው መቅረቱ ሊያሳስብ ይገባል።

ጉዳቱ የጠናባቸው ሕፃናት ናቸው። በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የ13 ቀን ጨቅላ በእናቱ ጡት ወተት በደረሰው ሞርፊን እንደሞተ ተዘግቦ የነበረ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ ይህን ጥምር መድኃኒት ትወስድ የነበረችው እናቱ ከፈጣን ለዋጮቹ አንዷ ሆና ተገኘች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲል በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል የተባለው ሌላው ኦፒዮይድ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጥ ከለከለ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው መከረ። ትራማዶል በአገራችን መድኃኒት ቤቶች የታወቀ ነውና በዚሁ ኢንዛይም መለወጡ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከዚህም በላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላል።

የጥምሩ ሌላው አካል ፓራሲታሞል ሲሆን፣ ጤናማ አዋቂ በቀን ከ4000 ሚሊ ግራም በላይ ከወሰደው ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሕመሙ አልለቅ ያለው ሰው ጥምሩን ኪኒን ደጋግሞ ሲውጥ፣ በዚያው ላይ ለጉንፋን የተገዛ ፓራሲታሞል ሲጨምርበት፣ ሳያውቀው ከዚህ ወሰን ሊያልፍ ይችላል።

በደሴ አቅራቢያ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ፣ በተሁለደሬና በአምባሰል መንደሮች፣ ብዙዎች ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄዱ፣ ከውጭ የመጣ ወይም ከሌላ ሕመምተኛ የተረፈ ኪኒን ያለ ማዘዣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ማሳሰብ ተገቢ ነው። ኪኒኑን ከአረቄ ወይም ዲያዜፓም ከተባለው የማረጋጊያ መድኃኒት ጋር መውሰድ ትንፋሽን ይበልጥ ያዳክማል። የተለመደው የጎንዮሽ ጉዳት የሆድ ድርቀት ነው፤ የከበደ እንቅልፍ፣ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ የዘገየ ወይም የተቆራረጠ ትንፋሽ፣ በሕፃን ላይ ደግሞ ጡት መጥባት ማቆምና መልፈስፈስ ከታዩ ግን በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ የኦፒዮይዱን ኃይል በደቂቃዎች ይሽራል፤ ይሁንና ሥራው ከሞርፊኑ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚታከም ሰው በመንገድም ሆነ እዚያ ከደረሰ በኋላ ለሰዓታት ትንፋሹ ሊጠበቅለት ይገባል።