በዋስትና ላይ ያለ መኪና ሲቃጠል

የአምራቹ ዋስትና ገና ያላበቃለት መኪና ከኮፈኑ ሥር እሳት ሲነሣበት የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ይከፍላል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሕግ ይምሰል እንጂ መልሱ የሚገኘው ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ነው። ዋስትናው የሚሸፍነው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ጉድለት ያስከተለውን ጉዳት ነው። የሞተር ክፍል እሳት ግን ከፋብሪካ ጉድለትም፣ ከጋራዥ ስሕተትም፣ ከባለቤቱ ቸልተኝነትም፣ አይጥ ሞተሩ ላይ ሰብስባ ከተወችው ደረቅ ሣርም ሊነሣ ይችላል። በብዙ የዋስትና ደብተሮች ላይ እሳት ከግጭትና ከጎርፍ ጋር ተዘርዝሮ «አይሸፈንም» ተብሎ ይገኛል፤ ይህን ያነበበ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ነገር ግን ከውጭ መጥቶ መኪናውን የበላ እሳትና ከመኪናው ከራሱ ጉድለት የተወለደ እሳት አንድ አይደሉም። ሁለቱን የሚለያቸው መንስኤያቸው ነው፤ መንስኤውን የሚናገረው ደግሞ የተቃጠለው ብረት ነው። ስለዚህ መኪናውን ባለሙያ እስኪመረምረው ድረስ ሳይነካካ ማቆየት ባለቤቱ ከሚጽፈው ከማንኛውም አቤቱታ ይበልጣል እላለሁ።

ከማስረጃ በፊት ግን ሰው ይቀድማል። ጭስ እንደታየ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ የተሳፈረውን ሁሉ አውርዶ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከዚያ እሳት አደጋ መከላከያን መጥራት ይገባል። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት የሚፈትን ነገር ነው፤ ይሁንና ታፍኖ ለነበረ እሳት አየር መስጠት ስለሆነ ነበልባሉ በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ሊወጣ ይችላል። የሚተርፍ ማስረጃ ፍለጋ ማንም ወደሚነድ መኪና አይመለስ።

የሞተር ክፍል ለእሳት የተመቻቸ ቦታ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ በክፍት አየር ላይ የጋለ ብረት ብቻ ሲነካው ግን በቀላሉ አይያያዝም፣ አብዛኛውን ጊዜ ብልጭታ ይፈልጋል። የሞተር ዘይት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊቀጣጠል የሚችል ተን ለመስጠት ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ ከ500 ዲግሪ በላይ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲረጭ ግን ያለ አንዳች ብልጭታ ሊነድ ይችላል። ኤሌክትሪክም የራሱ መንገድ አለው። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ቢሆንም በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር መልቀቅ ይችላል፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በኃይሉ ፍሰት ስኩዌር ልክ ነው፤ ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዝ የተሠራው ይህን ለመቁረጥ ቢሆንም ከባትሪ ወደ ሞተር ማስነሻው የሚሄደው ወፍራም ገመድ በአብዛኞቹ መኪኖች ፊውዝ የለውም። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መኪና ሲሮጥ የሚገባው ነፋስ ተኑን ይበትናል፣ ብረቱንም ያቀዘቅዛል፤ ሲቆም ነፋሱ ይቀራል፣ ሙቀቱ ግን ገና አለ። አንድ አሽከርካሪ «ደኅና ሲሄድ ቆይቶ እንዳቆምኩት ነደደ» ቢል ቃሉ አጠራጣሪ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለመርማሪ ግን ፈሳሽ በጋለ ብረት ላይ መፍሰሱን የሚጠቁም ጥሩ ፍንጭ ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የሂዩንዳይና የኪያ «ቴታ 2» ሞተር ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሂዩንዳይ በአሜሪካ ወደ 470,000 የሚጠጉ የ2011 እና የ2012 ሞዴል ሶናታዎችን ለጥገና ጠራ፤ በመጋቢት 2017 ሁለቱ ኩባንያዎች 1.2 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ጨመሩ። ለመጀመሪያው ጥሪ የተሰጠው ምክንያት አላባማ በሚገኘው ፋብሪካ ክራንክ ሻፍቱ ሲበሳና ሲሞረድ የብረት ብናኝ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ መቅረቱ ነበር። ቢየላው ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘው መካኒኮች ብሮንዝ በሚሉት ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ሞተሩ ሲዞር ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ የሚያደርገው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ነው። ብናኙ ዘይቱን ሲያግድ ንጣፉ ይሳሳል፣ ብሮንዙ ይበላል፣ ከሥር የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማል። ሾፌሩ ካልሰማው ወይም ሰምቶ ካለፈው ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። በቀዳዳው የሚረጨው ትኩስ ዘይት የጭስ ማውጫውን ካገኘ እሳቱ ይያያዛል። እንግዲህ ለአላፊ አግዳሚ «መኪና ተቃጠለ» የሆነው ነገር ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት በፋብሪካ ወለል ላይ የጀመረ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። ኩባንያዎቹ በኋላ የሰጡት መፍትሔም የተመሠረተው በዚሁ ሰንሰለት ላይ ነው፦ በሞተሩ ላይ ቀድሞ የነበረው የንዝረት መለኪያ የሚበላ ብሮንዝን ልዩ ንዝረት እንዲለይና ጉልበት ቀንሶ ሾፌሩን እንዲያስጠነቅቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር ጫኑ። በፍርድ ቤት ስምምነት ለተሸፈኑ መኪኖች የሞተሩ የታችኛው አካል ዋስትና ዕድሜ ልክ ሆነ፤ ይህን ሶፍትዌር ማስጫን ግን ቅድመ ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ እሳት ያገኘውን ሁሉ ከበላ፣ ከአመድ ምን ማስረጃ ይገኛል? ይህ ብዙ ባለቤቶችን ያሳሳተ እምነት ነው። ፕላስቲክና ጎማ ይጠፋሉ፤ ሞተር ግን በዋናነት ብረት ነው፤ ብረቶችም የሚቀልጡበት ሙቀት ይለያያል፦ አሉሚኒየም በ660፣ መዳብ በ1,085፣ አረብ ብረት በ1,400 ዲግሪና ከዚያ በላይ። የትኛው ቀልጦ የትኛው እንደተረፈ ማየት እሳቱ የት ላይ እንደበረታ ይናገራል። ቢየላው የበሳው ቀዳዳ ከሙቀት ሳይሆን ከኃይል የተፈጠረ ስብራት ስለሆነ ጠርዙ ይለያል። በዘይት ማጠራቀሚያው ሥር የቀረ ዘይትም ሆነ ተቆርጦ የተከፈተ የዘይት ፊልትሮ የብሮንዝ ቅንጣት ይዞ ሊገኝ ይችላል። የመዳብ ሽቦ በኤሌክትሪክ ኮንታክት ሲቀልጥ ጫፉ ላይ ክብ ጠብታ ይሠራል፣ ከጠብታው ወዲህ ያለው ሽቦም ሳይጎዳ ይቀራል፤ በነበልባል ብቻ የቀለጠ ግን ረዘም ባለ ርቀት ይሳሳል፣ ይንጠባጠባል። ይህን ምልክት አይቶ «ኮንታክት ነው ያቃጠለው» ብሎ መቸኮል ግን አይገባም። እሳቱ በሌላ ምክንያት ተነሥቶ የሽቦውን ሽፋን ሲበላ ኃይል ያለው ሽቦ ኋላ ላይም ኮንታክት ሊፈጥር ይችላል። በአሜሪካ የእሳት መርማሪዎች ዋና መመሪያ የሆነው ቁጥር 921፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚታተመው፣ መርማሪው ግምት አቅርቦ በማስረጃ እንዲፈትነውና የማይጸናውን እንዲጥል የሚያዘው ለዚህ ነው። ለመጣልም ለማጽናትም ግን መኪናው መኖር አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኢንሹራንስ ይመጣል። ሙሉ መድን የገባ ሰው ለእሳት ይካሳል፤ ታዲያ ከአምራቹ ጋር መጨቃጨቅ ምን ይፈይዳል? መድኑ ሲከፍል እፎይታ ነው፣ ቶሎ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ሆኖም መድን ሰጪው «ከጥቅም ውጭ ነው» ብሎ ሲከፍል የመኪናው ባለቤትነት ወደ እርሱ ይዞራል፤ መኪናውም በአጭር ጊዜ ለጨረታ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ የሸፈነውን የመጀመሪያ ድርሻ፣ የተቃጠለበትን ንብረት፣ ከብድሩ የቀረውን ዕዳ ከአምራቹ ልጠይቅ ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። መድን ሰጪው ራሱም የከፈለውን ከአምራቹ የማስመለስ መብቱን ያጣል። ስለዚህ የሁለቱ ጥቅም እዚህ ላይ አንድ ነው። ባለቤቱ «መንስኤው እስኪመረመር መኪናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይበተን» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ሲጠይቅ መድን ሰጪውን አያስቸግርም፤ የሚረዳው ነው። ለሻጩ ጋራዥም ይኸው ይሠራል። «አምጡት እናየዋለን» ብሎ መኪናውን ተረክቦ የተቃጠሉትን ዕቃዎች የሚያነሣ ጋራዥ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ ማስረጃውን ያፈርሳል። ምርመራው የሚመለከታቸው ሁሉ ተጠርተው፣ በፎቶግራፍ ተመዝግቦ፣ በአንድ ላይ ቢደረግ ውጤቱን ማንም በቀላሉ ሊክደው አይችልም።

ሦስተኛው ከአምራቹ በኩል የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እርሱ ይመስለኛል፦ «ዘይት በጊዜው አልቀየራችሁም»። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ብሮንዝም ከብናኝ የተነሣ ያህል ይበላልና። መልሱ የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሰርቪስ ደረሰኝ ነው፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ያልጻፈ ደረሰኝ ግማሽ ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው አሁንም ሞተሩ ነው፤ ለረዥም ጊዜ ዘይቱ ሳይቀየር የቆየ ሞተር በሁሉም ክፍሉ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ይገኛል፣ በአንድ መተላለፊያ መዘጋት የተጎዳ ግን ሌላው ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ጉዳቱ በተወሰኑ ቢየላዎች ላይ ሊያተኩር ይችላል። «ሰፈር ጋራዥ ስላስቀየራችሁ ዋስትናው ፈርሷል» የሚለው ግን በአሜሪካ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን በራሱ ጋራዥ ወይም በራሱ መለዋወጫ እንዳያስር ይከለክላል፤ ጉዳቱ ከሌላው ዕቃ ወይም ሥራ የመጣ ከሆነ ይህን ማሳየት የአምራቹ ድርሻ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በሾፌርነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አንዳንድ ረዣዥም ዋስትናዎች ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ የተሰጡ ናቸው፤ ለታክሲና ለመሰል ሥራ የዋለን መኪናም ሊያገልሉ ይችላሉ። ሂዩንዳይ በአሜሪካ የሚሰጠው የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተር ዋስትና እንዲህ ያለ ነው። ደብተሩን ማንበብ ያለባቸው ዛሬ፣ እሳት ሳይነሣ ነው።

«አንድ ግለሰብ ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ምን ይችላል?» ለሚልም የቴታ 2 ታሪክ መልስ አለው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ከባለቤቶች የሚቀበላቸው አቤቱታዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ናቸው፤ ሲከማቹ ግን የትኛው ሞተር፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ዓይነት ብልሽት እንደሚነድ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሂዩንዳይ መሐንዲስ የነበረው ኪም ኳንግ-ሆ ከውስጥ ያወቀውን ለባለሥልጣኑ አስረከበ። በ2020 ኩባንያዎቹ ጥሪውን በማዘግየታቸውና የተሟላ መረጃ ባለመስጠታቸው በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ተስማሙ፤ መሐንዲሱም በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸለመ። እሳት እንዲነሣ ሞተሩ መዞር እንኳ እንደማያስፈልገው ያሳየ ጉዳይም አለ። በመስከረም 2023 ሁለቱ ኩባንያዎች 3.37 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ሲጠሩ ባለቤቶች እስኪጠገንላቸው ከቤት ራቅ አድርገው ውጭ እንዲያቆሙ መክረዋል፤ በፍሬን መቆጣጠሪያው ውስጥ የሚፈስ የፍሬን ዘይት ጠፍቶ በቆመ መኪና ላይም ኮንታክት ሊፈጥር ስለሚችል ነው። ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር በባለሥልጣኑ ድረ ገጽ አስገብቶ ያልተጠገነ ጥሪ እንዳለበት ማየት ነፃ ነው፤ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቶ አዲስ አበባ ለገባ ያገለገለ መኪናም ይሠራል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ጥያቄው ወደ ባትሪ መዞሩ አይቀርም። እዚያም ቢሆን የተቃጠለው ዕቃ ለማስረጃነቱ መተኪያ የለውም። ጄኔራል ሞተርስ «ቦልት» የተባሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖቹን በ2020 ሲጠራ የጀመረው በ69,000 ገደማ ነበር። በ2021 በቀጠለው ምርመራ በአንድ የባትሪ ሕዋስ ውስጥ የተቀደደ ጫፍና የታጠፈ መለያ ሽፋን አብረው ሲገኙ እሳት ሊነሣ እንደሚችል ታወቀ። ጥሪውም የተመረቱትን ቦልቶች ሁሉ፣ ወደ 142,000 ያህሉን፣ እንዲያካትት ሰፋ። ለጉዳዩ የወጣውን ወጪ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ድረስ ለመሸፈን የተስማማው የባትሪው አምራች ኤልጂ ነው። ለተቀየሩት ባትሪዎችም የ8 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል አዲስ ዋስትና ተሰጠ።