የሕፃናት የዓይን ሞራና ሰው ሠራሽ ሌንስ

የዓይን ሞራ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችሁ የሚመጣው በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ይሆናል። ሆኖም በሽታው ሕፃናትንም ያጠቃል። አንዳንዱ ሕፃን ሞራውን ይዞ ይወለዳል፤ ሌላው ደግሞ ዓይኑ በእንጨት ወይም በድንጋይ ሲመታ ያገኘዋል። አብሮ ለሚወለደው ሞራ የዘር ውርስና እናትን በእርግዝናዋ ወራት የሚይዛት ሩቤላ የተባለው ተላላፊ በሽታ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ከዓይን ብሌን በስተጀርባ ሌንስ የሚባል ጥርት ያለ አካል አለ። ተግባሩም ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ሬቲና በተባለው የዓይን የውስጥ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ አካል ሲደፈርስ የዓይን ሞራ ይባላል።

እዚህ ላይ በአዋቂና በሕፃን መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። አዋቂው ማየትን አስቀድሞ ስለተማረ፣ ሞራው ዘግይቶ ቢወጣለትም ብርሃኑ ሊመለስለት ይችላል። የሕፃኑ አንጎል ግን ማየትን የሚማረው ከዓይኑ በሚደርሰው ጥርት ያለ ምስል ነው። ምስሉ በጊዜው ካልደረሰው፣ በኋላ ዓይኑ ቢጠራ እንኳ ጉድለቱ በሙሉ አይሟላም። ስለዚህ አብሮ የተወለደና ብርሃንን የሚጋርድ ሞራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ እንዲወጣ ሐኪሞች ይመክራሉ። «ሲያድግ ይለቀዋል» ብሎ መጠበቅ ልጁን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ሕፃኑ በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ በጠባብ ቀዳዳ የደፈረሰውን የሌንስ ክፍል መጥጦ ያወጣል። በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት የተጀመረው በአዋቂዎች ላይ ነበር። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ለንደን ውስጥ የጀመረው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸውን አለማስቆጣቱን በመመልከቱ ሐሳቡን አገኘ።

የሕፃን ዓይን ግን ገና በማደግ ላይ ነው። ሲወለድ ከፊት ወደ ኋላ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ካደገ በኋላ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የገባው ሌንስ ግን አብሮ አያድግም። በዚህም ምክንያት ከ7 ወር በታች ላሉት ሕፃናት ብዙ ጊዜ ሌንሱ አይገባም፤ በምትኩ መነጽር ወይም በዓይን ላይ የሚለጠፍ ስስ ሌንስ ይሰጣቸዋል። ከፍ ላሉት ሌንሱ ቢገባም፣ የሩቁንና የቅርቡን እያመቻቸ ለማሳየት ስለማይችል መነጽር ያስፈልጋቸዋል። የታመመው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ደካማው ዓይን ማየትን እንዲለማመድ ደኅነኛው በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። ይህ የወላጆች ትዕግሥት ለዓመታት የሚፈተንበት ሥራ ነው።

እንግዲህ ብሌኑ የነጣ ሕፃን ብታዩ፣ ወላጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲወስዱት ንገሯቸው። ንጣቱ የሌላ ከባድ በሽታ ምልክትም ሊሆን ይችላልና።

መልመጃ

1. ሞራ ዘግይቶ ሲወጣ ሕፃኑ ከአዋቂው ይልቅ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
2. በጣም ትንንሽ በሆኑ ሕፃናት ዓይን ሰው ሠራሽ ሌንስ ብዙ ጊዜ የማይገባበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
3. «ሳይውል ሳያድር» እና «ለዘለቄታው» የሚሉትን በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።